የወንድሜ የቁም ተዝካር

ስለ ገንዘብ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ የሚሰማኝ የለም። ቡሬ ገበያ ዛላ በርበሬ ስሸጥ ጸጉሬ ሸብቷል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ምክሬን ሰምቶ የከሰረ አንድም ሰው የለም፣ የሰማ ስለሌለ። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፣ "እውነትሽን ነው እኮ አቻምየለሽ" ይሉኛል፣ ሄደው ያሰቡትን ያደርጋሉ። በርበሬ በረከሰበት ወር አትሽጡ እላለሁ፤ በዚያው ወር ይሸጣሉ። ለሚታመሙበት ቀን አስቀምጡ እላለሁ፤ ለሠርግ ያስቀምጣሉ። እኔም ለምዶብኝ መምከሬን አልተውኩም።

ታናሽ ወንድሜ ታከለ ግን ከሁሉም ይብሳል። እሱ ጠይቆኝም አያውቅም። ማንኩሳ አጠገብ እያረሰ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ገበያ ሲመጣ ሱቄ በር ላይ ይቀመጣል፣ የማቀርብለትን ይበላል፣ ስመክር ይሰማል፣ ለመሄድ ሲነሣ "በይ ደህና ዋይ" ይለኛል። ምክሩ የት እንደገባ አይታወቅም።

አንድ ቅዳሜ መጣና እንደ ልማዱ ተቀመጠ።

"እታለም፣ ትልልቅ ድስት የሚያከራይ ታውቂያለሽ?"

"ለምንህ?"

"ተዝካር ላወጣ ነው።"

ደነገጥኩ። የሞተ ዘመድ ኖሮ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል ብዬ ነጠላዬን ማዘቅዘቅ ጀመርኩ።

"የማንን?"

"የራሴን።"

የቁም ተዝካር በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም ልጁን የማያምን፣ ሲሞት ሊደገስለት የሚገባውን ድግስ በሕይወቱ ይደግሰዋል። ካህናቱ ይጸልያሉ፣ አገሩ ይበላል፣ ሟቹም ወዲያ ወዲህ እያለ "ብሉ እንጂ፣ ምነው" ይላል። አይቻለሁ፣ በልቻለሁም። በገዛ ወንድሜ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

"አመመህ እንዴ?"

"ምንም አላለኝ።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለህ?"

"እጅጉን አታውቂውምና ነው?"

እጅጉ ከሟች የመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው አንድ ልጁ ነው፤ ባሕር ዳር ሾፌር ነው። የእናቱን አርባ እሱ ነበር የደገሰው። ድግስ ካልነው ነው። እንግዳው ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ እየተነሣ ወደየቤቱ ሄዶ ምሳውን በላ። ታከለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በጓሮ በኩል ነው።

"በምን ልትደግስ ነው?" አልኩት።

"ባሕር ዛፉን እሸጣለሁ።"

ይኼኔ ነው የተቆጣሁት። ያ ባሕር ዛፍ የእሱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ሚስቱ ንግሥቴ አብራው የተከለችው ነው፤ እንዲያውም እሱ ጉድጓድ ሲቆፍር ችግኙን በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው፣ በበጋ ከወንዝ ውኃ እየቀዳች ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ አልወለዱም። ታከለ ሲሞት እጅጉ መጥቶ የአባቴን ይላል፤ በሬውም፣ መሬቱም እየተቆረሰ ይሄዳል። ንግሥቴ ስታረጅ በሬ መጥመድ አትችልም። ባሕር ዛፍ ግን ጠማጅ አይፈልግም፣ አንቺ ተኝተሽም እሱ ያድጋል። ንግሥቴ ለእርጅናዋ ያላት ያ ዛፍ ብቻ ነበር።

"ንግሥቴስ ምን ትብላ?"

"እግዜር ያውቃል።"

"እግዜር እንደሚያውቅማ እኔም አውቃለሁ። አንተ ታውቃለህ ወይ ነው ያልሁህ።"

ታከለ አንድ ዛላ በርበሬ አንሥቶ ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ሰማ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ለሞተ ሰው ብር የሚያወጣ ጅል ነው፣ ስማኝ" አልኩት።

"ድስቱን እንዳትረሺ" ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ማንኩሳ ወረድኩ። ንግሥቴ ደጇ ላይ የለቀመችውን በርበሬ ለፀሐይ እያሰጣች ነበር። ዝምተኛ ናት፤ ሰው ሦስት ቃል ሲላት አንድ ትመልሳለች፣ አንዱንም አስባበት ነው።

"ሰማሽ?" አልኳት።

"ሰማሁ እትዬ።"

"ታዲያ ምን አልሽ?"

"ጌሾ ወቀጥሁ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተበላሸውን ዛላ እየለየሁ እንዲህ ብዬ ጠየቅኋት፦

"ሰው ሞቶ ተዝካሩ ሲወጣ፣ ሽማግሌ ምን ይሠራል?"

"ይበላል።"

"ከበላ በኋላ።"

"ንብረት ያካፍላል።"

"ማንን?"

"ሚስቲቱንና ልጆ..." አለችና እጇ በርበሬው ላይ ቆመ። "እሳቸው ግን አልሞቱም እኮ።"

"እሱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።"

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ብዬ ነበር፤ ስትስቅ ነው።

"ይከፋቸዋል እትዬ።"

"ይክፋው። ለአንድ ሳምንት አኩርፎ ይተወዋል፤ ረኃብ ግን በአንድ ሳምንት አይተውሽም።"

ይህንን ምክር በነጻ ነው የሰጠኋት። በሕይወቴ የተሰማልኝ የመጀመሪያው ምክርም እሱ ነው።

ዛፉ የሚገመትበት ቀን ደረሰ። ጠሃ የሚባል ከፍኖተ ሰላም የመጣ የባሕር ዛፍ ነጋዴ ከሥር ከሥሩ እየዞረ ግንዱን በመዳፉ ይመታል። የታከለ የንስሐ አባት መምሬ ክንፈሚካኤል እና ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ለመታዘብ ነው የመጣሁት። ጠሃ ጨርሶ ዋጋ ሊጠራ ሲል ንግሥቴ ከቤት ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

"አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባሌ ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

ሁሉም ዞረው ታከለን አዩት። ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

"አልሞትሁም" አለ።

"ታዲያ ተዝካሩ ምንድን ነው?"

"የቁም ነዋ።"

"የቁም ተዝካር ካለ የቁም ድርሻም አለ። ይኸን ዛፍ አብረን ነው የተከልነው። እኩሌታው የእኔ ነው፣ ለእኔ ይለይልኝ። ድግሱ ከሟቹ ድርሻ ይሁን።"

"ሟቹ ማለትሽ እኔን ነው?" አለ ታከለ።

"ሌላ ሟች እንኳ እዚህ የለም" አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ነገሩን ለማጥራት ያህል።

መምሬ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። "እንግዲህ ድርሻ የሚለየው ለሟች ሚስት ነው። ታከለ ደግሞ ሞቻለሁ ብሏል።"

"ኧረ አላልሁም!"

"ድስት ተከራይተሃል።"

ታከለ እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ፤ ዝናብ የለም።

ሽማግሌዎቹ ገመድ አምጥተው ዛፉን መሃል ለመሃል ከፈሉት። ወደ ወንዙ ያለው ለንግሥቴ ሆነ፣ ወደ መንገዱ ያለው ለሟቹ። ጠሃ ዋጋውን በግማሽ ቀንሶ ጠራ፤ "ለእኔ ያው ነው፤ የአጣና ዋጋ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም" አለ። ሁለት ሰንጋ ይታረዳል የተባለው አንድ ሆነ። ታከለ ስልኬን አላነሣ አለ። ድስቱን ግን ተከራይቼ ላክሁለት፣ ተከራክሬ በቅናሽ ነው ያገኘሁት።

ድግሱ የጥምቀት ሰሞን ነበር። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ያማረ ድግስ ነው። ጠላው አልጎደለም፣ ሰው ጠግቦ ተነሥቷል። እንግዳ በገባ ቁጥር ለታከለ "ነፍስ ይማር" ይለዋል፤ እሱም "አሜን፣ ወደ ውስጥ ግቡ" ይላል። ማልቀስ ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ሴቶቹ ትንሽ ተከራከሩ፤ አንዲት አሮጊት እንባዋን መግታት አልሆነላትም፣ አልቅሳ ፊቷን አብሳ በላች። ጎረቤት ሁሉ እየተነሣ የታከለን ደግነት ተናገረ። በሕይወት እያለ እንዲህ የተመሰገነ ሰው አላየሁም። እጅጉም ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር፤ ዳሱ ሥር ተቀምጦ በላና "አባባ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ወጡ ብቻ ጨው በዝቶበታል" አለ። ታከለ ይህን ሲሰማ እንኳ አልተቆጣም። ፊቱ ሲበራ ቀኑን ሙሉ አየሁት። ደስ አለኝ፤ ምን ያደርጋል፣ ወንድሜ ነው።

ችግሩ የመጣው በማግሥቱ ነው። ታከለ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ደክሞት ነው አልን። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ አልተነሣም። ያለበትን ብድር ሁሉ ከድግሱ በፊት ከፍሏል፣ የተጣላውን ታርቋል፣ ካፖርቱን ለጎረቤት ሰጥቷል። የቀረው መሞት ብቻ ነው፣ እሱንም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጤና መድን የሚያድስ ልጅ ከቀበሌ ቢመጣበት "ለሞተ ሰው መድን የሚገባ የት አገር ነው?" ብሎ መለሰው። እድሩን ግን የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከፈለ፣ ቀባሪ ያስፈልገዋላ። ይህን ስሰማ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ስቄአለሁ።

ግንቦት ላይ ሳቁ ቀረ። ዝናቡ ጥሎ አገሩ ሁሉ ሲያርስ ታከለ በሬዎቹን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጎረቤቱ "ምነው ታከለ፣ ዘንድሮ አትዘራም?" ቢለው "ማን ሊበላው?" አለው። ንግሥቴ እንስራ አዝላ በመካከላቸው እያለፈች ነበር። ይህን ለእኔ ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። እኔን ግን ዛሬም ድረስ ያመኛል። ለእሱ ሟች መሆን ቀላል ነው፤ ከሟች ጋር እየኖረች ራት የምታቀርበው እሷ ናት።

ሐምሌ ላይ ሽንት ከለከለው። ለማንም ሳይናገር ሰንብቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከመደቡ መነሣት ሲያቅተው ንግሥቴ ደወለችልኝ። በየጊዜው የሚዘጋው መንገድ ክፍት የነበረበት ሳምንት ስለነበር በዕለቱ ደረስኩ። የቀበሌው የጤና ባለሙያ አይታው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄዶ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት አይተርፍም ብላናለች። መድኑን ስላላሳደሰ ገንዘቡ ከኪስ ነው። እኔ ደግሞ ያለኝን በመቀነቴ ቋጥሬ ነው የመጣሁት።

"ተነሥ እንሂድ" አልኩት።

"አልነሣም። ጸሎቱ ደርሶልኛል፣ አገር በልቶልኛል፣ ዕዳ የለብኝም። ምን ቀረኝ ብዬ ነው ቢላዋ ሥር የምገባው?"

"እኔ እከፍላለሁ።"

"ለሞተ ሰው ብር የሚያወጣ ጅል ነው። ያልሽው አንቺ ነሽ።"

አንዴ ብቻ ሰማኝ፣ እሱንም ለዚህ። ውጭ ወጥቼ ለእጅጉ ደወልኩ። አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ካለቀሰ በኋላ "አክስቴ፣ ለአባባ ሞት ብዬ ጥር ላይ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ሁለተኛ አይሰጡኝም" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ወደ ቤት ስገባ ንግሥቴ የለችም። ጠበል ልታመጣ ሄዳ ይሆናል ብዬ ከወንድሜ ራስጌ ተቀመጥኩ። ያቃስታል፣ እለምነዋለሁ፣ እምቢ ይላል፣ እሰድበዋለሁ፣ መልሼ እለምነዋለሁ።

ንግሥቴ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። መምሬ ክንፈሚካኤልን እና ማንኩሳ አጣና ሊያስጭን መጥቶ የነበረውን ጠሃን አስከትላለች። ሁለቱንም በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ እሷ ግርጌው ቆመች።

"ባሕር ዛፌን ለጠሃ ሸጥሁ" አለች።

"ምን አደረግሽ?" ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እኔ ያንን ዛፍ በሽማግሌና በገመድ ነው ያስቀረሁላት። "እርጅናሽን እኮ ነው የሸጥሽው! ብሩ ከእኔ አለ አላልሁሽም?"

"የእትዬን ብር እሳቸው አይወስዱም። ስጦታ ነው ይላሉ። እኔ ስጦታ አልሰጥም፣ አበድሬአቸዋለሁ።"

ታከለ ዓይኑን ገለጠ። "ማንን ነው ያበደርሽ?"

"አንቱን። ለሕክምናው የሚሆነውን። በአምስት ዓመት፣ በየዓመቱ በርበሬ ሲሸጥ እየቆረጡ ይከፍሉኛል። መምሬና ጠሃ ምስክር ናቸው። ዋሱ እትዬ ናቸው።"

"እኔ?" አልኩ።

"አንቱ።"

"ወለድስ?" አሉ መምሬ፣ ኮስተር ብለው። "ወለድ ኃጢአት ነው።"

"እኛም ዘንድ ኃጢአት ነው" አለ ጠሃ።

"ወለድ አልፈልግም" አለች ንግሥቴ።

"እኔ አልተበደርሁም!" አለ ታከለ። ድምፁ ከጥር ወዲህ እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም።

"ተበድረዋል። ብሩን ለመኪናውና ለሆስፒታሉ ለእትዬ አስረክቤአለሁ።" እውነትም መቀነቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። "አሁን እዚህ ቢሞቱም፣ እዚያ ቢሞቱም፣ ዕዳ አለብዎ።"

ታከለ በክርኑ ቀና ብሎ ወደ መምሬ ዞረ። "አባቴ፣ እውነት ዕዳ አለብኝ?"

መምሬ ንግሥቴን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ መቋሚያቸውን አዩት። "በእኔ ፊት ተቆጥሮ ተሰጥቷል" አሉ።

"ሁሉን ዘግቼ ጨርሼ ነበር እኮ! ያለ ዕዳ ነበር የምሄደው!"

"አሁን አለብዎ" አለች ንግሥቴ።

ታከለ ያልተሳደበው ስድብ የለም። እሷን ተንኮለኛ፣ እኔን አስተማሪዋ፣ ጠሃን ዛፍ በል አለን። ስድቡ ሲያልቅበት "ጫማዬን አምጡ!" አለ። ደግፈን ባጃጅ ላይ ጫንነው። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ጉድጓድ በገባን ቁጥር "ኡ!" ከማለት ይልቅ "አምስት ዓመት!" ይል ነበር። እኔ እያለቀስኩ "አዎ፣ አምስት" እለዋለሁ። ቀዶ ጥገናው ተደረገለት፤ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ያን ሰው ማን ያቁመው። በሬዎቹን አስመለሰ፣ መድኑን አሳደሰ፣ ካፖርቱን ከጎረቤቱ መልሶ ተቀበለ፤ ጎረቤቱ ቅር ብሎታል። ኅዳር ላይ ንግሥቴ ተክላው ከነበረው በርበሬ የመጀመሪያውን ዓመት ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ተከለ፣ ሰው በኅዳር ሲሸጥ እሱ አያዋጣም ብሎ አስቀመጠና ዋጋው ሲወጣ ሸጠ። ይህን ከማን እንደተማረ አልነገረኝም።

ከዚያ ሱቄ መጣና በፌስታል የተጠቀለለ ብር ጭኔ ላይ ጣለልኝ። ከፊቱ ላይ ድል ይነበባል።

"የቀረው የሦስቱም ዓመት ነው። የዘንድሮውን ተቀብላ ይኸን አልቀበልም አለችኝ። አንቺ ዋስ ነሽ፣ ወስደሽ አስረክቢልኝ።"

ማንኩሳ አብረን ሄድን። እሱ በሩ ላይ ቀረ፣ እኔ ገባሁ። ንግሥቴ ማታ ለምታልባት ላም ጨው እየፈጨች ነበር። ፌስታሉን አጠገቧ አኖርኩ።

"ሙሉ ነው። ነገ በስምሽ ባንክ እናስገባዋለን። ዛፍሽን በገዛ እጅሽ አስቆርጠሻል፤ ያለሽ እርጅና ይኸ ነው፣ ተቀበዪ።"

"ጊዜው አልደረሰም እትዬ።"

"ብር ቀድሞ መጣ ብሎ እምቢ የሚል ሰው የት አየሽ? እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።"

ድንጋዩን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ዕዳ ሳይኖራቸው አይቻቸዋለሁ። ስድስት ወር እዚህ በር ላይ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ።" ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ በሩ አየት አደረገች። "ብሩንስ ልቀበል። ተቀብዬ ከማን ጋር ላረጅ ነው?"

እኔ ስለ እርጅናዋ ሳስብ ዛፍ ብቻ ነው የታየኝ። እንባዬን የማሳብብበት በርበሬ በሌለበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እሷም ጨውዋን መፍጨት ቀጠለች።

ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ። ታከለ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቀኛል።

"ተቀበለች?"

"አልተቀበለችም።"

"ስንት ዓመት ቀረኝ?"

"ሦስት።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ!" አለና ሁለታችንንም ረገመ። ከዚያ ሳይመሽ ማሳውን ሊያይ ሄደ።